ሳይመሽ እንሸከማቸው
ስለ ቁምስናችን የሕሙማን አገልግሎት



ቅዱስ ማርቆስ በወንጌሉ ምዕራፍ 2 የተረከልንን የቅፍርናሆሙን ሽባ ታሪክ ከመካከላችን ያልሰማ የለም። ጌታችን በአንድ ቤት ተቀምጦ ሲያስተምር ሕዝቡ ደጁን ሞልቶት ነበር። አራት ሰዎች አንድ ሽባ በአልጋው ተሸክመው መጡ። በበሩ መግባት ቢሳናቸው ወደ ጣሪያው ወጡ፤ ጣሪያውንም አፍርሰው ሕመምተኛውን ከነአልጋው በጌታ ፊት አወረዱት። ወንጌላዊው እዚህ ላይ ሊታለፍ የማይገባውን ቃል ያስቀምጣል፤ ጌታ የተመለከተው የእነርሱን እምነት ነው ይለናል። የአራቱ ሰዎች ስም አልተጻፈም፤ አንድም ቃል ሲናገሩ አንሰማም። እምነታቸው የታየው በትከሻቸውና በእጃቸው ነው።

እነዚህ ሰዎች ሐኪሞች አልነበሩም። ሽባውን የማዳን ሥልጣን በእነርሱ ዘንድ አልነበረም። የነበራቸው ነገር ጎረቤታቸው መታመሙን ማወቅ፣ አንድ ሰው ብቻውን ሊሸከመው የማይችለውን ለአራት መሸከም፣ መንገድ ሲዘጋም ሌላ መንገድ መፈለግ ነበር። በቁምስናችን ስለሚደረገው የሕሙማን አገልግሎት ስንናገር ብዙዎቻችን ወዲያው የምናስበው ክሊኒክን፣ መድኃኒትንና ነጭ ካባ የለበሱ ሲስተሮችን ነው። እነዚህ ሁሉ ታላላቅ የእግዚአብሔር ስጦታዎች ናቸው። ነገር ግን ክሊኒክ የሌለው ቁምስና የሕሙማን አገልግሎት የለውም ማለት አይደለም። የቁምስና ዋናው የሕሙማን አገልግሎት ሕመምተኛው ሐኪም ዘንድ ከመድረሱ በፊት ባለው ሰዓት ውስጥ ይገኛልና፣ በዚህ ጽሑፍ ስለዚያ ሰዓት እንነጋገር።

፩. የምንሸከመው መቼ ነው?

ሕዝባችን መሸከምን ያውቃል። በአንድ መንደር ሰው ሲሞት ማንም ሳይጠራው የማይመጣ የለም። እድርተኛው ድንኳኑን ይተክላል፣ ወንበሩንና ሰሐኑን ያወጣል፣ መቃብር ይቆፍራል፣ አስከሬኑን በየተራ ይሸከማል። የቀረ ሰው መቀጮ ይከፍላል፤ ሐዘንተኛው ሦስት ቀን ሙሉ ብቻውን አይተውም። ይህ ልማድ መልካም ነው፤ ሙታንን መቅበር ከምሕረት ሥራዎች አንዱ መሆኑን ጦቢት በሕይወቱ አስተምሮናል። ይህን የሠሩ አባቶቻችንና እናቶቻችን ምስጋና ይገባቸዋል።

ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ እናንሣ። በዚያው መንደር አንዲት እናት ከትናንት ምሽት ጀምሮ በምጥ ላይ ብትሆን ምን ይሆናል? ባልየው ገንዘብ ለመበደር ከደጅ ወደ ደጅ ይንከራተታል። ተሸካሚ ለመለመን ወደ አንዱ ቤት ሲሄድ ሰውየው ገበያ ወጥቷል፤ ወደ ሌላው ሲሄድ «እስኪ ትንሽ ታገሥ፣ ምጥ እኮ ነው፣ ያልፋል» ይባላል። ቃሬዛው የሚገኘው በእድሩ ዕቃ ቤት ሲሆን፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የያዘው ሰው ደግሞ የለም። እግዚአብሔር አያድርገውና ያቺ እናት በነጋታው ብትሞት ግን ቁልፉ ወዲያው ይገኛል፤ ገበያ የወጣውም ይመለሳል፤ ተሸካሚውም ከሚፈለገው በላይ ይሆናል።

እንግዲህ የትከሻ እጥረት የለብንም፤ የሚጎድለን ሰዓቱ ነው። ያው ሕዝብ፣ ያው ቃሬዛ፣ ያው መንገድ አንድ ቀን ቀድሞ ቢገኝ ኖሮ ወደ መቃብር የሄደው ጉዞ ወደ ጤና ጣቢያ ይሆን ነበር። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ምሳሌ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ስለ ነገርና ስለ ጠብ እንጠቅሰዋለን። ስለ ሰው ነፍስ ግን ይልቁን ሊጠቀስ ይገባው ነበር።

የጤና ባለሙያዎች የእናቶችን ሞት ሲመረምሩ ሦስት መዘግየቶች እንዳሉ ያስተምራሉ። የመጀመሪያው በቤት ውስጥ የሚሆን ነው፤ ሕመሙ አደገኛ መሆኑን ባለማወቅ፣ የባል ወይም የአማት ፈቃድ እስኪገኝ በመጠበቅ፣ ወጪውን በመፍራት ውሳኔው ይዘገያል። ሁለተኛው በመንገድ ላይ ነው፤ መጓጓዣ በመጥፋቱ፣ ወንዝ በመሙላቱ፣ ጭቃው መኪና ባለማሳለፉ ሕመምተኛዋ ትዘገያለች። ሦስተኛው በጤና ተቋሙ ውስጥ ነው፤ ከደረሰች በኋላ ባለሙያው፣ ደሙ ወይም መድኃኒቱ በጊዜው ባለመገኘቱ የሚፈጠር ነው። ለሦስተኛው መዘግየት ተጠያቂው ተቋሙንና ባለሙያውን የሚያስተዳድረው ክፍል ነው። የመጀመሪያውና ሁለተኛው ግን በመንደራችን ውስጥ ያሉ ናቸው። ቁምስና እጁን ሊያስገባ የሚችለውም የሚገባውም በእነዚህ በሁለቱ ነው።

፪. አስቀድሞ የመጣ ሰው ጥቅም

ይህ ነገር ባዶ ስብከት እንዳይመስል በዚሁ በጉራጌ ምድር፣ በዐይናችን ፊት ያለውን ምስክር እንመልከት። የአጣጥ ሆስፒታልን የማያውቅ የለም። እ.ኤ.አ. በ1969 ዓ.ም. «ሜዲካል ሚሽን ሲስተርስ» የተባለው የደናግል ማኅበር የመሠረተው ይህ ሆስፒታል የተሰየመው በሉርድ እመቤታችን ስም ነው።

የማኅበሩ መሥራች እናት አና ዴንገል የኦስትሪያ ተወላጅ የሆኑ ሐኪም ነበሩ። ወጣት ሐኪም ሳሉ ዛሬ ፓኪስታን በምትባለው አገር በራዋልፒንዲ ከተማ ሲሠሩ፣ የእስልምና እምነት ተከታይ የሆኑ እናቶች በልማዳቸው ምክንያት በወንድ ሐኪም መታየት ስለማይችሉ በቤታቸው ተዘግተው ሲሞቱ አዩ። የመጀመሪያው መዘግየት ይህ ነበር። በዚያን ዘመን የቤተ ክርስቲያን ሕግ መሐላ የፈጸሙ ደናግል የሐኪምነትንና የማዋለድን ሥራ በሙሉ እንዲሠሩ አይፈቅድም ነበር። አና ዴንገል ማኅበራቸውን እ.ኤ.አ. በ1925 መሠረቱ፤ ቅድስት መንበርም እ.ኤ.አ. በ1936 ደናግል ይህን አገልግሎት እንዲፈጽሙ ፈቀደች። በጸሎትና በትዕግሥት 11 ዓመት ጠበቁ እንጂ ሥራውን አልተዉትም። እነርሱም እንደ ቅፍርናሆም ሰዎች በሩ ቢዘጋ በጣሪያው በኩል መንገድ ፈለጉ።

በአጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ የእናቶች ማቆያ ይገኛል። ነገሩ እጅግ ቀላል ነው። ቀድሞ በቀዶ ሕክምና የወለደች፣ መንታ የያዘች፣ ቀድሞ ምጥ የጠናባት፣ ወይም ሌላ የሚያሠጋ ምልክት የታየባት ነፍሰ ጡር ቀኗ ሲቃረብ ከቤቷ ተነሥታ በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ትሰነብታለች። ምጥ በያዛት ጊዜ የሚለያት ወንዝና ተራራ ሳይሆን ጥቂት እርምጃ ብቻ ይሆናል። ከዚህ የሚበልጥ ምሥጢር የለውም።

ፍሬውን ግን አስተውሉ። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 በሆስፒታሉ የወለዱት 24,148 እናቶች መዝገብ ተመርምሮ ውጤቱ ታትሟል። ከእነዚህ መካከል 6,805ቱ በማቆያው የሰነበቱ ናቸው። በማቆያው ከሰነበቱት መካከል የሞቱት እናቶች ሲሰሉ በ100,000 ሕያዋን ልደቶች ወደ 90 ገደማ ነበሩ፤ በማቆያው ሳይሰነብቱ በቀጥታ ከመጡት መካከል ግን በዚያው ስሌት ከ1,300 በላይ ነበሩ። ሞተው የተወለዱት ሕፃናትም በማቆያው ከሰነበቱት ዘንድ ከ1,000 ወደ 18 ሲሆኑ፣ ከሌሎቹ ዘንድ ከ1,000 ወደ 191 ነበሩ።

ይህን ቁጥር በጥንቃቄ ልናነበው ይገባል። በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ነገሩ ከከፋ በኋላ በቃሬዛ የደረሱ ስለሆኑ፣ ልዩነቱ ሁሉ የማቆያው ሥራ ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም በማቆያው የሰነበቱት ከመጀመሪያው የሚያሠጉ ተብለው የተለዩ መሆናቸውን አንርሳ። ብዙ አደጋ ይጠብቃቸው የነበሩት ቀድመው ስለመጡ ዳኑ። ሐኪሙ ያው ነው፤ መሣሪያው ያው ነው፤ ሆስፒታሉም ያው ነው። የተለየው የመጡበት ሰዓት ነው።

ስለዚህ አንድ ካቴኪስት ከሥርዓተ ጸሎት በኋላ አንዲትን ነፍሰ ጡር «ልጄ፣ ቀንሽ መቼ ነው? ለክትትል ሄደሻልን? ማን ይሸኝሻል?» ብሎ ቢጠይቃት፣ ይህ ጥያቄ ከወንጌል አገልግሎቱ ውጭ ነው ብሎ የሚያስብ ቢኖር አይደለም እንለዋለን። እመቤታችን ማርያም ዘመዷ ኤልሳቤጥ መፅነሷን በሰማች ጊዜ ተነሥታ ወደ ተራራማው አገር ፈጥና መሄዷን፣ ሦስት ወርም ያህል ከእርሷ ጋር መቀመጧን ቅዱስ ሉቃስ ጽፎልናልና።

፫. ካህኑና ሐኪሙ ሁለቱም ሲዘገዩ

በመንደራችን ዘግይቶ የሚጠራው ሐኪሙ ብቻ አይደለም፤ ካህኑም እንዲሁ ነው። ምሥጢረ ቀንዲል የሞት ምልክት ተደርጎ ስለሚቆጠር፣ ብዙ ቤተ ሰብ ካህኑን የሚጠራው ሕመምተኛው መናገር ካቆመ በኋላ ነው። «አባ ከመጡ ይደነግጣል» ይባላል። በዚህም ምክንያት ሕመምተኛው ለመናዘዝ፣ ከተጣላው ለመታረቅ፣ ቅዱስ ቁርባን ለመቀበል የነበረውን ጊዜ ያጣል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ይህ ምሥጢር በሞት አፋፍ ላይ ለሚገኙ ብቻ የተሰጠ እንዳልሆነ፣ ምእመን በሕመም ወይም በእርጅና ለአደጋ መጋለጥ ሲጀምር መቀበያው ጊዜ በእርግጥ እንደ ደረሰ አስተምሯል። ሐዋርያው ያዕቆብም በመልእክቱ ምዕራፍ 5 የታመመ ሰው የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች እንዲጠራ ሲያዝዝ፣ ጠሪው ራሱ ሕመምተኛው ነው፤ ለመጥራት የሚበቃ አንደበት አለው ማለት ነው። ስለዚህ ካህኑ መጠራት ያለበት የሕመምተኛው ሁኔታ መክፋት በጀመረበት ሰዓት ነው። ሐኪሙም በዚያው ሰዓት ሊጠራ ይገባዋል።

ሁለቱ እርስ በርሳቸው እንደሚጣሉ አድርጎ ማሰብ ከዚህ የባሰ ስሕተት ነው። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብሩ፣ መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር ነው፣ አስተዋይ ሰውም አይንቀውም እያለ ያስተምራል። በዚያው ምዕራፍ ሕመምተኛው እንዲጸልይ፣ ከኃጢአቱ እንዲመለስ፣ ከዚያም ለሐኪሙ ስፍራ እንዲሰጥ ይመክረዋል። ጸሎቱ ሐኪሙን አላስወጣውም፤ ሐኪሙም ጸሎቱን አላስቀረውም።

ይህን የምናነሣው በየአካባቢያችን ነፍስን እስከ ማጥፋት የሚደርስ አንድ ስሕተት ስላለ ነው። በጸሎት ተፈውሻለሁ፣ በጸበል ድኛለሁ በማለት መድኃኒታቸውን የሚያቋርጡ ወገኖች አሉ። እግዚአብሔር ሊፈውስ አይችልም የሚል ክርስቲያን የለም። ነገር ግን የራሷን የእናታችንን የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት እንመልከት። እመቤታችን እ.ኤ.አ. በ1858 በተገለጸችበት በሉርድ፣ ከመላው ዓለም ሕሙማን ይጎርፋሉ። በዚያ ስፍራ እ.ኤ.አ. ከ1883 ጀምሮ የሐኪሞች ጽሕፈት ቤት አለ። ተፈወስሁ የሚል ሰው ወደ እነዚህ ሐኪሞች ይቀርባል፤ የቀድሞ ሕመሙ ማስረጃ ይመረመራል፤ ፈውሱ ጸንቶ መቆየቱ በዓመታት ይፈተናል፤ ከዚያም በኋላ ፍርዱ ለጳጳሱ ይቀርባል። ከተመዘገቡት በሺህ የሚቆጠሩ የፈውስ ምስክርነቶች መካከል እስከ ዛሬ ድረስ ተአምር ተብለው በቤተ ክርስቲያን የታወቁት ከ70 ጥቂት የሚበልጡ ብቻ ናቸው። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን በሉርድ ውኃ አጠገብ እንኳ ሐኪምን ካስቀመጠች፣ በእኛ መንደር አንድ ሰው ሐኪም ሳያማክር መድኃኒቱን እንዲጥል የሚመክር ከወዴት አገኘው?

ነገሩን በምሳሌ እናብራራው። የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። መድኃኒቱን በሥርዓት የወሰደ ሰው ቫይረሱ በደሙ ውስጥ እጅግ ስለሚቀንስ በምርመራ የማይታይበት ጊዜ ይመጣል። ይህም ታላቅ የምሥራች ነው፤ ሰውየው ሠርቶ ይኖራል፣ ልጆቹን ያሳድጋል። ሆኖም ቫይረሱ ተደበቀ እንጂ አልጠፋም፤ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ተመልሶ ይነሣል። «አልታየም» የሚለውን የሐኪም ቃል «ጠፍቷል» ብሎ የተረዳ ሰው በምስጋና ጀምሮ በሐዘን ይፈጽማል። የሳንባ ነቀርሳም እንዲሁ ነው። ሕክምናው ብዙውን ጊዜ 6 ወር ይፈጃል፤ ሕመምተኛው ግን በጥቂት ሳምንታት ሳሉ ይቀንስለትና ጉልበቱ ይመለስለታል። ያን ጊዜ ቢያቋርጠው በሽታው መድኃኒቱን ተለማምዶ ይመለሳል፤ በቤቱ ያሉትንም ሕፃናት ይይዛል።

ስለዚህ ካቴኪስቶች ሆይ፣ ይህን በግልጥ ቋንቋ አስተምሩ። ጸሎት እንጸልይ፣ ጸበሉንም በእምነት እንጠመቅ፣ መድኃኒቱንም በሰዓቱ እንዋጥ። ጸበል የሚጠጣ ሰው ክኒኑን በዚያው ጸበል ቢውጥ እምነቱ አይጎድልም። ተፈውሻለሁ የሚል ቢኖር ደስ ይበለን፤ ወደ ሐኪሙም ሄዶ ይመርመር። ጌታ ያነጻቸውን ለምጻሞች ለካህናት እንዲያሳዩ የላካቸው በዚያ ዘመን የመመርመር ሥልጣን የካህናቱ ስለነበረ ነው። እውነተኛ ፈውስ ምርመራን አይፈራም።

፬. ቁምስናችን ምን ያድርግ?

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላልና፣ ከፍ ያለ ገንዘብ የማይጠይቁ፣ በየቁምስናችን ሊጀመሩ የሚችሉ ነገሮችን እንጥቀስ።

አንደኛ፣ እድራችን በሕይወት ላለውም ይሁን። የእድር ሽማግሌዎች በሚቀጥለው ስብሰባቸው ሦስት ነገር ቢወስኑ ይበቃል፤ የቃሬዛው ቁልፍ በቀንም በሌሊትም ከሚገኝ ሰው ዘንድ ይቀመጥ፤ በየጎጡ ሲጠሩ የሚነሡ አራት ሰዎች በተራ ይመደቡ፤ ለታመመ ሰው በብድር የሚሰጥ ጥቂት ገንዘብ ይለይ። ከዚህም ሌላ እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ዛሬ በብዙ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። እድሩ አባላቱ በጊዜው እንዲመዘገቡ ቢያሳስብ፣ መክፈል የማይችሉትንም ድሆች ለቀበሌው ቢያሳውቅ፣ «ገንዘብ የለኝም» በማለት በቤት የሚቀሩት ቁጥር ይቀንሳል።

ሁለተኛ፣ የአደጋ ምልክቶችን ሁሉም ይወቅ። ነፍሰ ጡር ደም ከፈሰሳት፣ ጽኑ ራስ ምታት ወይም የዐይን ብዥታ ከያዛት፣ ፊቷና እጆቿ ካበጡ፣ ካንቀጠቀጣት፣ ምጡ ከ12 ሰዓት በላይ ከቆየ ነገ የሚባል ነገር የለም። ከወለደች በኋላ የሚፈስ ብዙ ደም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ሕፃን ጡት መጥባት ካቃተው፣ አተነፋፈሱ ከፈጠነ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም ተቅማጥ ይዞት ዐይኑ ከጎደጎደ እንዲሁ ነው። ተቅማጥ ለያዘው ልጅ በጤና ኬላ የሚሰጠውን ሕይወት አድን ዱቄት በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጦ ማጠጣት፣ ጡቱንም አለማቋረጥ ይገባል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል አክታው መመርመር አለበት። እነዚህ ነገሮች ከቅዳሴ በኋላ በማስታወቂያ ሰዓት በ5 ደቂቃ ሊነገሩ ይችላሉ። የአባቶችና የአማቶች ጆሮ ደግሞ ይበልጥ ይፈለጋል፤ ውሳኔው በእነርሱ እጅ ነውና።

ሦስተኛ፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር እንተባበር። መንግሥት ይህን አገልግሎት ከጀመረበት እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ በየቀበሌው የሠለጠኑ እኅቶች ተመድበዋል። እነርሱ ብቻቸውን ጀፎረውን ሁሉ፣ ከጀፎረውም ጀርባ ያሉትን ቤቶች ሁሉ ሊያዳርሱ አይችሉም። ካቴኪስት ደግሞ የትኛው ቤት ማን እንደ ተኛ፣ የትኛዋ መበለት ብቻዋን እንደ ሆነች ያውቃል። ሁለቱ በወር አንድ ጊዜ ቢገናኙ ያልታየ ሕመምተኛ አይኖርም። ምንጭን ማጠር፣ መጸዳጃ መቆፈር፣ የልጆችን ፊት በየቀኑ ማጠብ ትንሽ ነገር አይምሰለን፤ የዐይን ማዝና የሆድ ትል የሚጀምሩት ከእነዚህ ጉድለት ነው።

አራተኛ፣ ካቴኪስት ልኩን ይወቅ። መድኃኒት አያዝዝም፤ መርፌ አይወጋም፤ ከሐኪም የተሰጠውንም አይለውጥም። በሕመምተኛው ቤት ያየውንና የሰማውን ከቤቱ ውጭ አያወራም። በተለይ የኤች.አይ.ቪ.ና የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ወገኖች የሚፈሩት ከበሽታው ይልቅ ወሬውን ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እየተባለ ይወቀሳል፤ ነገር ግን ሰው የሚደብቀው የሚሳለቅበት ስላለ መሆኑንም እናስተውል።

አምስተኛ፣ አስታማሚውን እንሸከመው። ከእያንዳንዱ የአልጋ ቁራኛ አጠገብ አንድ የደከመ ሰው አለ። ብዙውን ጊዜ ትምህርቷን ያቋረጠች ልጅ፣ ወይም እንሰቷን ለመፋቅ ጊዜ ያጣች እናት ናት። የማርያም ማኅበር እኅቶች በሳምንት አንድ ቀን ውኃ ቢቀዱላት፣ ቆጮ ቢጋግሩላት፣ ለግማሽ ቀን ተተክተው ቢያስታምሙላት፣ ይህ ከብዙ የጥየቃ ቃል ይበልጣል።

፭. ለሁሉም፣ እስከ መጨረሻውም

ይህ አገልግሎት የማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ የሁሉም ነው። ደጉ ሳምራዊ በመንገድ የወደቀውን ሰው ሃይማኖቱን አልጠየቀውም። በአካባቢያችን ካቶሊኩ፣ ኦርቶዶክሱ፣ ወንጌላዊውና ሙስሊሙ በአንድ ጀፎረ ይኖራል፤ በአንድ ገበያ ይገበያያል፤ በአንድ እድርም ይቀባበራል። ሕመምተኛን መርዳት ለሃይማኖታችን ሰው ማግኛ መደለያ አይሆንም። ከእምነታችን የተነሣ እንረዳዋለን እንጂ እምነታችንን እንዲቀበል ብለን አንረዳውም። ሲጠይቀን ግን ለምን እንደምናደርገው በደስታ እንነግረዋለን።

በመጨረሻም የማይድኑ ሕመሞች አሉ። ተሸክመናቸው፣ በጊዜ አድርሰናቸው፣ ሐኪሙ የሚችለውን ሁሉ አድርጎ ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ወገኖች አሉ። እነዚህ የእግዚአብሔር ቸርነት የራቃቸው፣ ወይም እምነታቸው የጎደለ አይደሉም። ብፁዕ ወቅዱስ ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1984 ስለ ሰው ልጅ ሥቃይ በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት፣ የታመመ ሰው ሥቃዩን ከክርስቶስ መስቀል ጋር በማስተባበር በማዳን ሥራው እንደሚሳተፍ አስተምረዋል። እርሳቸውም በኋላ ዘመናቸው ሕመማቸውን በዓለም ፊት በመሸከም ይህን በሥጋቸው አሳዩ። ለእንዲህ ያለው ወገናችን መሸከም ማለት አጠገቡ መቀመጥ፣ ጎኑን ማገላበጥ፣ ከንፈሩን ማርጠብ፣ ቅዱስ ቁርባን ማምጣት፣ በስሙ መጥራት ነው። «ታምሜ ጠየቃችሁኝን?» የሚለው የመጨረሻው ቀን ጥያቄ አድናችሁኝ ነበርን አይለንም። የሚጠይቀን ስለ መምጣታችን ነው።

ከላይ የተጠቀሱት ር.ሊ.ጳ. እ.ኤ.አ. በ1992 የሠየሙት፣ ከ1993 ጀምሮም በሉርድ እመቤታችን በዓል በፌብሩዋሪ 11 የሚከበረው ዓለም አቀፍ የሕሙማን ቀን በየዓመቱ ይመጣል። በዚያን ዕለት ሕሙማንን በቤተ ክርስቲያን ሰብስበን ምሥጢረ ቀንዲል ማደላችን፣ ጸሎት ማድረሳችን መልካም ነው። ነገር ግን በዚያ ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊመጡ ያልቻሉት ስንት ናቸው? በዓሉ እስኪደርስ ድረስ እያንዳንዱ ካቴኪስት በመንደሩ ያሉትን ሕሙማን፣ አረጋውያንና ቀናቸው የቀረበ ነፍሰ ጡሮች በስም መዝግቦ ለቆሞሱ ያቅርብ። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብም ሲጠሩ የሚነሡ አራት ሰዎች ስም ይጻፍ። ዘመድ የሌለው ሰው ቢገኝ አራቱን ስም ቁምስናው ይሙላለት።

የነፍስና የሥጋ ሐኪም የሆነው ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ሕሙማናችንን በምሕረቱ ይጎብኝ፤ አስታማሚዎችን ያበርታ፤ የሐኪሞችንና የአዋላጆችን እጅ ይባርክ፤ ለእኛም በጊዜ የሚነሣ ልብና የማይደክም ትከሻ ይስጠን። የሕሙማን ጤና የሆነች እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም ታማልደን። አሜን።